ደጅና ደረጃ፦ ከአሊዩ አምባ እስከ ስድስት ኪሎ



ለዚህ ዓመት መጽሔት ጻፊ ስባል ስለ ሕክምና እንድጽፍ የተጠበቀ ይመስለኛል። እኔ ግን ስለ ደረጃ ልጽፍ ነው፤ የሹመቱን ሳይሆን የሕንፃውን።

የሕክምና ተማሪ ሳለሁ አባቴ ለአንድ ጉዳይ ከአሊዩ አምባ መጣ። የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃን አድሮ ነው የደረሰው። በማግስቱ አንድ መሥሪያ ቤት ሸኝቼው ክፍል ገባሁ። በምሳ ሰዓት ስመለስ ጋቢውን እንደለበሰ ውጭ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ምን አሉህ?» አልኩት።

«ገና አልገባሁም። የጠራኝ የለም እኮ፣ ልጄ።»

ያን ቀን ተናደድኩበት። ዛሬ ሳስበው ግን አባቴ አልተሳሳተም። ሕንፃውን በትክክል አንብቦታል።

አሊዩ አምባ ራሷ የደጅ መጥኛ ከተማ ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጨውና ጨርቁን አራግፎ የሚያርፈው እዚያ ነው። የዓርብ ገበያዋ አርጎባውን፣ አማራውን፣ አፋሩን ያገናኝ ነበር። ወደ አንኮበር ግን ማንም በራሱ ፈቃድ አይወጣም። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን መልእክት ይዞ የመጣው ካፒቴን ሀሪስ እንኳ ከንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣ እዚያው አሊዩ አምባ መጠበቅ ነበረበት። በዓመቱ ደግሞ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን መጥቶ እዚያው ተቀመጠ። እኛ አሊዩ አምባዎች እንግዲህ እንግዳ ስናስተናግድም፣ ሲያስጠብቁን ስናይም ኖረናል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ይህ ሥርዓት አብሯት መጣ። የምኒልክ ግቢ አጥር፣ በር፣ ከዚያ ሌላ በር ነበረው። በአዳራሹ ግብር ሲበላ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ማዕረግ ነው። አጋፋሪና እልፍኝ አስከልካይ የሚባሉት ሹመቶች ሥራቸው በር ላይ ነበር። ሰው መለየት፣ ማስገባት፣ መመለስ። ደጅ ጥናት ከሥነ ምግባር ጉድለት የመጣ እንዳይመስለን። ሕንፃው የተሠራው ለዚያ ነው።

የእኛው ስድስት ኪሎ ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ነው። ያ ቀን በከተማው ሕዝብ ላይ ያስከተለውን እልቂት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፊት ለፊቱ ያለውን፣ ወደ ሰማይ እየዞረ ወጥቶ የትም የማያደርሰውን ደረጃ ስንቶቻችን ፎቶ ተነስተንበታል! ጣሊያኖች እያንዳንዱን እርከን በፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት ቆጥረው የሠሩት ነው። ከነፃነት በኋላ አላፈረስነውም፤ አናቱ ላይ አንበሳ አስቀመጥንበት። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደግሞ እዚያው ቤተ መንግሥት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ መኳንንትና ሚኒስትሮች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ነው ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት። የባላገር ልጆች በነገሥታት በር ደብተር ይዘን ገባን። ለእኔ በከተማዋ የሕንፃ ታሪክ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው፤ አንድም አዲስ ድንጋይ ሳይጨመር የመጣ ለውጥ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ፊቷን ቀየረች። አስመራ ይኖር የነበረው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ፣ ቀጥሎም ማዘጋጃ ቤቱን ነደፈ። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በብርሃን ያሳያል። አህጉሪቱ በ1955 የአንድነት ድርጅቷን የመሠረተችው በዚያ አዳራሽ ነው። ሄንሪ ሾሜ ብሔራዊ ቲያትርንና ክቡን ንግድ ባንክ ሠራ። ሚካኤል ቴድሮስና ዛልማን ኤናቭ የፍል ውሃን መታጠቢያ ነደፉ። ከእነዚህ ሁሉ እኔ የምወደው ፍል ውሃን ነው። ትኬት የቆረጠ ሁሉ ይገባል፤ ማንነቱን የሚጠይቀው የለም።

ሌሎቹ ውብ ናቸው፣ አልክድም። ማዘጋጃ ቤቱ ከፍታው ላይ ሆኖ ቸርችልን ቁልቁል እስከ ለገሃር ሲያይ ልብ ይሞላል። ግን ከሩቅ ለሚያይ ሰው የተሠራ ሕንፃና ለሚገባበት ሰው የተሠራ ሕንፃ አንድ አይደሉም።

ይህን ያስተማረኝ ሥራዬ ነው። ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ በአንድ ሆስፒታል ሊፍቱ ይቆማል። ቀዶ ሕክምና የተደረገላትን እናት አራት ሰው ተሸክሞ በደረጃ ያወጣታል። መታጠፊያው ጠባብ ስለሆነ ቃሬዛውን ማዘንበል ነበረብን። እሷ ብረቱን ጨብጣ «እባካችሁ ቀስ» ትለናለች። ያንን መታጠፊያ የነደፈው ሰው ክፉ አልነበረም። ታማሚ ተሸክሞ ወጥቶበት አያውቅም፣ በቃ።

ሕግ የለም እንዳንል በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል። አሮጌ ሕንፃ አይስተካከልም እንዳንል የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል። ዛሬ ከተማዋ በፍጥነት እየፈረሰችና እየተሠራች ነው። ስለ ፎቁ ብዛትና ስለ መስታወቱ እንከራከራለን። አባቴ የት ይቀመጣል? የሚለውን ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የሕንፃ ኮሌጁና የሕክምና ትምህርት ቤቱ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። የአርክቴክቸር ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ከአንድ ተመላላሽ ታካሚ ጋር ይዋል። ከበር እስከ ካርድ ክፍል፣ ከካርድ ክፍል እስከ ላቦራቶሪ አብሮ ይሰለፍ። ደረጃውን ይቁጠር፣ አግዳሚ ወንበሩን ይቁጠር። የእኛ ተማሪዎች ደግሞ የሕንፃ ፕላን ማንበብ ይማሩ። ሆስፒታል ሲሠራ ኮሚቴ ላይ ተቀምጠን ዝም የምንለው ፕላን ማንበብ ስለማንችል ነው።

ለእናንተም፣ ጓደኞቼ። ብዙዎቻችን ዛሬ ቢሮ አለን፤ በር አለን። ነገ ስትገቡ ደረጃው ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ካያችሁ ምን እንደሚጠብቅ ታውቃላችሁ። ጥሩት።