አረንጓዴው የምስክር ወረቀት ከቆጣሪ ክፍሉ ይጀምራል

አረንጓዴ ሕንፃ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይናችን የሚሄደው ጣሪያ ላይ ወደተተከለው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ነው፡፡ ብዙ ባለቤቶችና ተከራዮች በሚጋሩት የንግድ ሕንፃ ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከቆጣሪ ክፍሉና ከኪራይ ውሉ ነው፡፡

ለአገራችን አቅም ይቀርባል የምለው የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን (አይኤፍሲ) ያዘጋጀው «ኤጅ» ነው፡፡ ሕንፃው በአካባቢው ከተለመደው ጋር ሲነፃፀር በኤሌክትሪክና በሌላ ኃይል፣ በውኃ እንዲሁም የግንባታ ዕቃዎቹን በማምረት በሚለቀቀው ካርቦን፣ በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 በመቶ መቆጠብ አለበት፡፡ በአንዱ የተረፈው የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም፡፡ የአሜሪካው «ሊድ» በነጥብ የሚሠራ ሲሆን፣ መነሻው 40፣ ከፍተኛው ደረጃ ደግሞ 80 ነጥብ ነው፡፡ ወረቀቱ ይበዛል፤ ነገር ግን አንድ ተከራይ፣ ለምሳሌ የባንክ ቅርንጫፍ፣ የያዘውን ወለል ብቻ ማስመስከር ያስችለዋል፡፡

20 በመቶው ከየት ይመጣል? ከጋፋት አጠገብ ያለችውን ደብረ ታቦርን እንውሰድ፡፡ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ማቀዝቀዣ መሣሪያ አያስፈልጋትም፡፡ እዚያ የሚያዋጣው የሚከፈት መስኮት፣ የቀን ብርሃን፣ ኤልኢዲ አምፖልና የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያ የሚያጠራቅም ታንከር ነው፡፡ የአዲስ አበባን የመስታወት ግድግዳ እዚያ ወስዶ መገተር (ይቅርታ ይደረግልኝና) ለፎቶግራፍ ካልሆነ ለሌላ አይጠቅምም፡፡

ዋናው ችግር ግን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው፡፡ ወለሎቹ የተለያዩ ሰዎች ንብረት ከሆኑ፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ጣሪያውንና ደረጃውን የመሰለውን የጋራ መጠቀሚያ አስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ይሰጣል፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያው ሰነድ የመሐንዲስ ንድፍ ሳይሆን የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና ማን እንደሚፈርም በግልጽ ይጻፍበት፡፡

ቀጥሎ ለየወለሉ ቆጣሪ ይገባ፡፡ ሒሳቡ በአንድ ቆጣሪ መጥቶ በካሬ ሜትር በሚከፋፈልበት ሕንፃ ቆጣቢው ለአባካኙ ይከፍላል፤ እንዲህ እየሆነ ማንም አምፖል አያጠፋም፡፡ ሕንፃው የአንድ ሰው ከሆነ ደግሞ እንቅፋቱ ይገለበጣል፡፡ አከራዩ ገንዘቡን ያወጣል፣ ሒሳቡ የሚቀንሰው ለተከራዩ ነው፡፡ መፍትሔው ውል ውስጥ ነው፤ አከራዩ ወጪውን ከሚገኘው ቁጠባ ላይ ቀስ በቀስ እንዲያስመልስ፣ ተከራዩም የቆጣሪ ንባቡን በየወሩ እንዲሰጥ የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ፡፡ ውል በመሀል ማሻሻል የሁለቱንም ወገን ስምምነት ስለሚጠይቅ፣ አንቀጹን ለማስገባት የሚመቸው ጊዜ የዕድሳት ወቅት ነው፡፡

እስከዚያው የ12 ወር የመብራትና የውኃ ደረሰኝ ማሰባሰብ ይቻላል፡፡ የኤጅ ማስሊያም በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ስለሚገኝ፣ ገምጋሚ ከመቅጠር በፊት ሕንፃው ስንት በመቶ ላይ እንዳለ ራስን መፈተሽ ይቻላል፡፡