ከጭቃ ወደ አስፋልት፤ የጂንካ መንገድና የጭነት መኪና ሾፌሮች

ስለ አገራችን መንገዶች ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የተቆረጠው ገደልና የተዘረጋው ድልድይ ነው። ዕድሜያቸውን በመንገዱ ላይ የጨረሱት ሾፌሮችና ረዳቶች ግን እምብዛም አይነሡም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ፣ በኮንሶ አልፎ፣ ወይጦን ተሻግሮ ጂንካ የሚዘልቀውን መንገድ ምሳሌ በማድረግ፣ የእነዚህን ሰዎች የሥራ ኑሮና የእኛን የመሐንዲሶችን ኃላፊነት አያይዤ ለመመልከት እሞክራለሁ።

እንደሚታወቀው የጭነት መኪና ሥራ በአገራችን የተስፋፋው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ተባረረ፤ መኪናዎቹና ቃላቱ ግን ቀሩ። ፍሬን፣ ጎማ፣ ካምቢዮና ባሌስትራ የምንላቸው ሁሉ ከኢጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች በዓለም ባንክ ብድር ጭምር ይጠገኑና ይሠሩ ጀመር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ደግሞ በመንገድ ግራ የነበረው ጉዞ ወደ ቀኝ ተለወጠ።

ጂንካ ግን ከዚህ ሁሉ ርቃ ቆየች። ቀድሞ በጋሞ ጎፋ ሥር የነበረችው፣ ኋላም የደቡብ ኦሞ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለብዙ ዘመን ባለሥልጣኑና ሕመምተኛው በከተማዋ መካከል በነበረው የሣር ሜዳ ላይ የሚያርፈውን አውሮፕላን ይጠባበቁ ነበር። ጨው፣ ቆርቆሮና ነዳጅ የሚያመጣው ግን ሾፌሩ ነበር። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚጥለው ዝናብ፣ ደረቅ የነበሩት ወንዞች በድንገት ይሞላሉ። ያን ጊዜ ሾፌሩ ውኃው እስኪጎድል ከወንዙ ዳር ያድራል፤ ረዳቱም ታኮ ተሸክሞ ዳገቱን ከመኪናው ኋላ እየሮጠ ይወጣል። መኝታቸው ከመኪናው ሥር፣ ስንቃቸው የደረቀ እንጀራ ነበር።

እኔ ተመርቄ እንደ ወጣሁ በዚህ መሥመር ከአንድ አንጋፋ ሾፌር ጋር ተጉዤ ነበር። ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ ከሚወስደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሲደርሱ መኪናውን አቁመው ወረዱና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ዳሰሱ። «ጋሼ፣ ምን አገኙ?» ብላቸው፣ ፍሬን የሚጋለው ከላይ ሳይሆን ከታች ስለሆነ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ እንደሚገባ አስረዱኝ። እኔ በትምህርት ቤት በቀመር የተማርሁትን እርሳቸው በመዳፋቸው ያውቁት ኖሯል።

በኋላ አስፋልት መጣ፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም በኦሞ ሸለቆ የኩራዝ ስኳር ልማት ሲጀመር የከባድ መኪናዎች ምልልስ በረከተ። የመንገዱን ጥቅም የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ጭቃው ራሱ ያልተጻፈ የፍጥነት ሕግ ነበር፤ ጭቃው ሲነሣ ሕጉም አብሮ ተነሣ። አንድ ሾፌር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ ከዚያም በደረቅ አስፋልት ለመቆም 12 ሜትር ያህል ይበቃዋል። በ80 ሲነዳ ግን የመጀመሪያው 22 ሜትር፣ ሁለተኛው ወደ 50 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ይህን ስሌት በልጆቹ ሬሳ ስለተማረው ነው።

መንገዱ ቢለወጥም ተጓዡ አልተለወጠም። ሐሙስ የቀይ አፈር፣ ቅዳሜ የጂንካ ገበያ በሚውልበት ዕለት፣ እናቶች ሸክማቸውን ይዘው፣ እረኞችም ከብቶቻቸውን እየነዱ በአስፋልቱ ዳር ይተማሉ። ከብት ለአርብቶ አደሩ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ጥሎሹም፣ ክብሩም ነው። ሾፌሩ በበኩሉ የሚከፈለው በምልልስ ከሆነ እንቅልፍ ኪሳራው ነው። ሰው ከገጨ ደግሞ ቢቆም ለሕይወቱ ይሰጋል፤ ቢሸሽ የወደቀው ሰው ያለ ረዳት ይቀራል። በ2000 ዓ.ም. የወጣውና በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 የተተካው የሦስተኛ ወገን መድን ሕግ ለተጎጂው ካሣና አስቸኳይ ሕክምና ያስባል። ነገር ግን አዋጁ ከቀይ አፈር ገበያተኛ ጆሮ ካልደረሰ በቀልን ሊያስቀር አይችልም።

እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በሾፌሩ ላይ መጫን ለእኛ ለመሐንዲሶች ይቀለናል እንጂ አያዋጣንም። መንገዱን ለመኪናው ነድፈን እግረኛውን የዘነጋነው እኛ ነንና። በገበያ መንደሮች ዙሪያ ሰፊ የእግረኛ ዳርቻ፣ ለከብት የታወቀ መሻገሪያ፣ ከረዥም ቁልቁለት በፊት የመኪና መቆሚያና የሾፌር ማረፊያ ቢሠራ፣ ወጪው ከአንድ ድልድይ ወጪ አይበልጥም። የዚያን አንጋፋ ሾፌር ልማድ፣ ማለት ከቁልቁለቱ በፊት ቆሞ መዳሰስን፣ እኛም ንድፋችንን ከመፈረማችን በፊት ብንለምደው መልካም ነው።