«ዝሆኔ» ብዬ የጻፍኩት ቀን

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ እግራቸው ያበጠ እናት መጡ። ካርዳቸው ላይ «ዝሆኔ» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። እሳቸው ግን የልጃቸው እጮኛ «ዘራቸው ነው» ተብሎ እንደቀረ ነገሩኝ። «እውነት ዘር ነው እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። «ዝሆኔ» ስንል ትንኝ የምታስተላልፈውን የቆላውን ፊላሪያሲስም፣ ባዶ እግር ከቀይ ሸክላ አፈር የሚያመጣውን የደጋውን ፖዶኮኒዮሲስም ማለታችን ነው። አፈሩን ከበሽታው ጋር ያያዘው አገራችን የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ደብረ ኤልያስና ደምበጫ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ጽሑፍ፣ 15 ዓመት ከሞላቸው 3.3 በመቶው ይህ በሽታ ነበረባቸው።

የጂን ተመራማሪዎችም በቃል ተቸግረዋል። የዝንቡ ሰው አንዱን ተግባር በአንድ ስም፣ የእርሾው ሰው በሌላ ይጠራው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የዝንብ፣ የእርሾና የአይጥ ተመራማሪዎች ጂን ኦንቶሎጂን ጀመሩ፦ ጂኑ ምን ይሠራል፣ በየትኛው ሂደት፣ ሴሉ ውስጥ የት? ለሁሉም አንድ መዝገበ ቃላት። ደግሞ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ማስረጃው ይጻፋል፤ በቤተ ሙከራ ታይቶ ነው ወይስ በኮምፒውተር ተገምቶ? እኔ ካርዱ ላይ ያልጻፍኩት ይሄንን እኮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የወላይታ ታማሚዎችን አጥንተው በሽታውን ኤችኤልኤ ክፍል ሁለት ከሚባሉት ጂኖች ጋር አያያዙት። የእነዚህ ጂኖች ተግባር ባዕድ ነገርን ለመከላከያ ሴሎች ማሳየት ነው። ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ይወረሳል፤ ያለ አፈሩ ግን በሽታው የለም፤ ጫማ ይከለክለዋል። ለእኚያ እናት ይህን ማለት ነበረብኝ።

አሁን ካርድ ላይ ከስሙ ጎን መነሻውንና በምን እንዳወቅሁት እጽፋለሁ። የልጆቹን የጫማ ቁጥርም እጠይቃለሁ።