ከፋብሪካዎቻቸው በኋላ የቆዩ መጻሕፍት፦ የብሪታንያ ሞተር ብስክሌቶች የጥገና መመሪያ ታሪክ

ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የብሪታንያ ሞተር ብስክሌቶች ዛሬም ለመነዳት የበቁት በብረታቸው ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ከሠሯቸው ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ተዘግተው፣ ሥራውን በእጃቸው ያውቁት የነበሩ ባለሙያዎችም በዕድሜ ካለፉ በኋላ፣ የእያንዳንዱን ሞተር ልክ፣ የአፈታቱንና የአገጣጠሙን ቅደም ተከተል ይዞ የቆየው የታተመ ወረቀት ነው፤ በመሆኑም የጥገና መመሪያው ታሪክ ከሞተር ብስክሌቱ ታሪክ ጎን ራሱን ችሎ ሊጠና የሚገባው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የጥገና መመሪያ» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ጽሑፍ ለተለያዩ አንባቢዎች የተዘጋጁ በርካታ ጽሑፎችን ያጠቃልላል። ከአዲስ ሞተር ብስክሌት ጋር ለገዢው ይሰጥ የነበረው ቀጭን የአሽከርካሪ መጽሐፍ ዘይት መለወጥን፣ ሰንሰለት ማጥበቅንና ካንዴላ ማጽዳትን ሲያስተምር፣ የወርክሾፕ መመሪያው ግን ለወኪል ነጋዴው መካኒክ የተጻፈ በመሆኑ ሞተሩን እስከ ክራንክ ዘንጉ ድረስ ፈትቶ መልሶ የመግጠሙን ሥራ ይዘረዝር ነበር። በሥዕል የተደገፈው የመለዋወጫ ዝርዝር ደግሞ እያንዳንዱን ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ የራሱን ቁጥር ሰጥቶ ያስቀምጣል። በበርሚንግሃም በ1861 በጠመንጃ ሠሪዎች ተቋቁሞ በ1910 ሞተር ብስክሌት መሥራት የጀመረው ቢ.ኤስ.ኤ. የጥገና ትምህርቱን በተከታታይ ቁጥር በተለዩ ነጠላ የአገልግሎት ወረቀቶች ያወጣ ስለነበር፣ ዛሬ በአሮጌ መጻሕፍት ገበያ የሚገኝ ጥራዝ ሙሉ መስሎ ሳለ የማርሽ ሳጥኑን ወይም የማግኔቶውን፣ ማለትም ያለ ባትሪ የእሳት ብልጭታ የሚያመነጨውን መሣሪያ፣ ወረቀት አጉድሎ ሊገኝ ይችላል።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ባለቤቱ ራሱ ጠጋኝ እንዲሆን ይጠበቅ ነበር። የዘመኑ ነዳጅና ዘይት በፒስተኑ ራስና በሲሊንደሩ ክዳን ላይ ቶሎ ቶሎ ጥላሸት ይጋግሩ ስለነበር፣ ክዳኑን አውርዶ ጥላሸቱን መፋቅና ቫልቮቹን ከመቀመጫቸው ጋር በመሞረጃ ቅባት እያሹ ማስማማት ዛሬ ዘይት የመለወጥን ያህል የተለመደ ሥራ ነበር። የለንደኑ አሳታሚ ፒትማን ለዚህ ባለቤት በየፋብሪካው ስም የተለዩ፣ ኪስ የሚገቡ ተከታታይ መጻሕፍት ያሳትም ነበር፤ ከነዚህ ብዙዎቹን የጻፈው ደብሊው. ሲ. ሄይክራፍት አንባቢውን ምንም እንደማያውቅ ሰው ሳይንቀው፣ አስቀድሞ ያውቃል ብሎም ሳይገምት በትዕግሥት ያስረዳል፤ በዚህ ረገድ ከርሱ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ አይስተካከሉትም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መመሪያውን የሠራዊት ጉዳይ አደረገው። ከ120,000 በላይ የተመረተውን ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም20ን የመሰሉ ሞተር ብስክሌቶች፣ ከዚያ በፊት ብረት ፈትተው ለማያውቁ ወጣቶች ስለታደሉ፣ እያንዳንዱን ተግባር በየዕለቱና በየሳምንቱ ከፋፍሎ የሚያዝ ጽሑፍ አስፈለገ፤ ብልሽት ከመድረሱ አስቀድሞ የሚደረገው «የመከላከል ጥገና» የተባለው አሠራርም በዚህ መንገድ ተስፋፋ። በአሜሪካ ሠራዊት በኩል የሥዕል ታሪክ አዘጋጁ ዊል አይስነር ይህንኑ ትምህርት በአስቂኝ ሥዕሎች ለወታደሩ ያቀርብ የነበረ ሲሆን፣ በ1951 የተጀመረውንና «ፒ.ኤስ.» የተባለውን የሠራዊቱን የጥገና መጽሔት እስከ 1971 አዘጋጅቷል። ጦርነቱ ሲያበቃ ትርፍ ሞተር ብስክሌቶች ለሲቪሉ ገበያ ሲሸጡ የወታደር መመሪያዎቹም አብረው ወጡ።

ንድፍ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር መጽሐፉ ምን እንደሚሆን በግልጽ የሚያሳየው የጀርመኑ ዲ.ኬ.ደብሊው. አር.ቲ.125 ታሪክ ነው። ንድፉ በጦር ካሣነት ለአሸናፊዎቹ ስለተላለፈ፣ የሶቪየት ኅብረቱ ሞስክቫ፣ የሃርሊ ዴቪድሰን ትንሹ 125 እና በ1948 የወጣው ቢ.ኤስ.ኤ. ባንታም ከአንድ ምንጭ ተቀድተዋል፤ ያማሃ በ1955 ያቀረበው የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌቱም ይህንኑ ተከትሏል። ይሁን እንጂ ቢ.ኤስ.ኤ. ልኮቹን ወደ ኢንች ከመለወጡም በላይ፣ የማርሽ መቀየሪያው እንደ ብሪታንያ ልማድ በቀኝ እግር እንዲሆን ሞተሩን ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጦ ስለሠራው፣ የአንዱ መጽሐፍ የሌላውን ጠባይ ቢያስረዳም ልኩን ሊተካ አይችልም።

የልክ ነገር ከተነሣ፣ የመመሪያው ዋጋ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በብሎን ጥርስ ላይ ነው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ያቀረበው ሥርዓት የጥርሱን ማዕዘን 55 ዲግሪ ሲያደርገው፣ በብስክሌት ሠሪዎች ዘንድ የተወሰነው ሌላው ሥርዓት ደግሞ 60 ዲግሪ የሆነና በአብዛኛው በአንድ ኢንች ውስጥ 26 ጥርስ የሚይዝ ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ሞተር ብስክሌት ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በዊትዎርዝ ቁልፍ ላይ የተመታው ቁጥር የብሎኑን ውፍረት እንጂ የቁልፉን አፍ ስፋት አያመለክትም፤ ስለዚህ 1/4 የተባለው ቁልፍ አፉ ከግማሽ ኢንች ይበልጣል፤ ጥርሱ ለቀጠነው ዓይነት ብሎን ደግሞ ይኸው ቁልፍ 5/16 ተብሎ ይጠራል። ከ1960ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ፋብሪካዎቹ ከአሜሪካ ጋር በጋራ ወደ ተወሰነው ጥርስ በደረጃ ሲሸጋገሩ፣ ኖርተን ኮማንዶን በመሰለ ሞዴል ላይ አሮጌውና አዲሱ ተደባልቀው ቀሩ። ዝርዝሩን ሳይመለከት ዳዶ በግድ የሚያጠብቅ ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይላጫል፤ የተላጨ የክራንክ ቤት ምትክ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

የወርክሾፕ መመሪያው ትልቁ ጉድለት መካኒኩ ፋብሪካው በቁጥር የሚጠራቸው ልዩ መሣሪያዎች እንዳሉት አድርጎ መጻፉ ነበር። ይህን ክፍተት የዘጋው ጆን ሄይንስ የተባለ የብሪታንያ አየር ኃይል መኮንን ነው። በ1965 ከቀይ ባሕር ማዶ በኤደን በሥራ ላይ ሳለ፣ የሥራ ባልደረባው የገዛውን ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት መኪና አብሮ ሲያድስ የፋብሪካው መጽሐፍ ለተራ ባለቤት እንደማይጠቅም ስለተረዳ፣ አፈታቱንና አገጣጠሙን ደረጃ በደረጃ ፎቶግራፍ አንሥቶ መዘገበው፤ በ1966 የታተመው መጽሐፍም 3,000 ቅጂው ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ አለቀ። ይህ በመኪና የተጀመረ ዘዴ በኋላ ወደ ሞተር ብስክሌት ተሻገረ። በአሜሪካ ደግሞ ቀድሞ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ የነበረው ፍሎይድ ክላይመር በስሙ የሚጠሩ መመሪያዎችን አሳትሟል። የነዚህ አሳታሚዎች መጻሕፍት በተራ ቁልፍ የሚሠራውን ሰው ያከበሩ ቢሆኑም፣ ብዙ ሞዴሎችንና ዓመታትን በአንድ ጥራዝ ስለሚያጭቁ የፋብሪካውን ወረቀት ሙሉ በሙሉ አልተኩትም።

ቢ.ኤስ.ኤ. በ1973 ሲወድቅ፣ በሜሪደን የነበረው የትራያምፍ ፋብሪካም በሠራተኞቹ ኅብረት ሥራ እጅ ከ1975 ጀምሮ ቆይቶ በ1983 ሲዘጋ፣ መጻሕፍቱን የማቆየቱ ኃላፊነት በአብዛኛው በባለቤቶች ማኅበራት ላይ ወደቀ። ሮያል ኤንፊልድ ቡሌትን ግን ሌላ ዕድል ገጠመው፤ በ1955 በማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ መሠራት የጀመረው ሞተር ብስክሌት የብሪታንያው ድርጅት ከጠፋ በኋላም በመሠረቱ ሳይለወጥ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ስለተመረተ፣ መመሪያውም ከሥራው ጋር ሳይቋረጥ ኖረ።

ለአሮጌ ሞተር ብስክሌት መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የወርክሾፕ መመሪያውን ያስቀድማል፤ ሆኖም የመለዋወጫ ዝርዝሩ የላቀ ጥቅም አለው፣ ምክንያቱም የተበታተነው ሥዕል የትኛው ሮንዴላ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ ያሳያል፣ የቁጥሮቹ መለወጥም ፋብሪካው ክፍሉን መቼ እንዳሻሻለው ይመሰክራል። የትኛው ዓመት ዝርዝር እንደሚያስፈልግ ለማወቅ የሞተሩ ቁጥር ቀዳሚ ነው። በ1946 የተመሠረተው የብሪታንያ የአሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ማኅበር በቤተ መጻሕፍቱ የትራያምፍን የፋብሪካ መላኪያ መዝገቦች ይዟል። ፋብሪካዎቹ የሚቀጥለውን ዓመት ሞዴል በመጸው ወራት ማምረት ይጀምሩ ስለነበርና ሳይሸጥ የከረመም ሊኖር ስለሚችል፣ በ1956 የተመዘገበ ሞተር ብስክሌት የ1955 ሞዴል ሊሆን ይችላልና፣ ትክክለኛውን መጽሐፍ የሚያገኘው በክራንክ ቤቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ከመላኪያ መዝገቡ ጋር ያስተያየ ሰው ነው።