የወይን ዘለላና የወረቀት ከረጢት፤ የቪናሎፖ ገበሬዎች ታሪክ

ተባይን ለመከላከል የተጀመረ ቀላል ዘዴ ውሎ አድሮ ለአንድ አካባቢ ምርት የገበያ ስም ሊያስገኝ ይችላል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ ከሚሆኑት አንዱ በደቡብ ምሥራቅ ስፔን፣ በአሊካንቴ አውራጃ የሚገኘው የቪናሎፖ ሸለቆ ነው። በዚህ ሸለቆ ገበሬዎች የወይኑን ዘለላ ገና በተክሉ ላይ እያለ አንድ በአንድ በወረቀት ከረጢት ይሸፍናሉ። ዘዴው እንዴት እንደተጀመረና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ምን ትምህርት እንዳለው ከዚህ በታች በአጭሩ ቀርቧል።

ከመጠጥ ወደ ገበታ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ፊሎክሴራ የተባለች፣ የወይን ሥር እየመጠጠች ተክሉን የምታደርቅ ጥቃቅን ተባይ የፈረንሳይን የወይን ማሳዎች አጠፋች። በዚህ ጊዜ የአሊካንቴ ገበሬዎች ለፈረንሳይ የወይን ጠጅ በመሸጥ ተጠቃሚ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1882 በሁለቱ ሀገራት መካከል የተፈረመው የንግድ ስምምነትም ሽያጩን አሳደገው። ይሁን እንጂ ስምምነቱ በ1892 ሲያበቃ ገበያው ቀዘቀዘ። ቆየት ብሎም ያችው ተባይ ወደ አሊካንቴ ገባች። በመሆኑም በርካታ የሸለቆው ገበሬዎች እንደ ፍራፍሬ ወደሚበላ ወይን ፊታቸውን አዞሩ።

እንደ ፍራፍሬ የሚሸጥ ወይን ደግሞ ገዥው በዓይኑ አይቶ የሚመርጠው ስለሆነ የፍሬው መልክ ዋጋውን ይወስናል። ለዚህ ምርት ዋናዋ ጠላት የወይን ዘለላ የእሳት እራት ነበረች። እሷ የምትጥለው እንቁላል ትል ሆኖ ፍሬውን ይበሳል፤ በተበሳው በኩል ሻጋታ ይገባና መበስበሱ ወደ ጎረቤት ፍሬዎች ይዛመታል። ገበሬዎቹ ዘለላውን በወረቀት መሸፈን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ ይህንን ጉዳት ለመከላከል ነው።

የከረጢቱ አሠራር

ሥራው የሚከናወነው በሰኔና በሐምሌ ወር አካባቢ ሲሆን በቅድሚያ ዘለላው ይስተካከላል፤ ትርፍ ፍሬዎችም ይቀነሳሉ። ከዚያም ከረጢቱ ዘለላው ላይ ተጠልቆ ከላይ በኩል በግንዱ ዙሪያ ይታሰራል። ከታች ግን ክፍት ሆኖ ይተዋል፤ ይህም አየር እንዲገባና እርጥበት እንዳይታፈን ይረዳል።

ውጤቱ ከታሰበው በላይ ሆነ። ከረጢቱ ከትሉ በተጨማሪ ወፎችን፣ ተርቦችን፣ አቧራንና ኃይለኛ ፀሐይን ተከላከለ። የፀረ-ተባይ ኬሚካልም በቀጥታ ፍሬው ላይ እንዳያርፍ አደረገ። ከሁሉም በላይ ፍሬው ቀስ ብሎ እንዲበስልና በተክሉ ላይ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ አስቻለ። አሌዶ የተባለው ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ በኅዳርና በታኅሣሥ ይለቀማል፤ ይህም ሌላ ትኩስ ወይን ከገበያ በሚጠፋበት ወቅት ነው።

ስፔናውያን በዘመን መለወጫ ሌሊት ሰዓቱ 12 ጊዜ ሲደውል 12 የወይን ፍሬ ይበላሉ። ልማዱ በ1909 በአሊካንቴ ከተትረፈረፈ ምርት ተነሣ እየተባለ ይነገራል። ሆኖም የዘመኑ ጋዜጦች ልማዱ በማድሪድ ከዚያ በፊት እንደነበረ ያሳያሉ። የሆነ ሆኖ በዚያች ሌሊት ለሚፈለገው ወይን የቪናሎፖ ገበሬ ምርቱን ይዞ መገኘት የቻለው በከረጢቱ ምክንያት ነው።

የጋራ ስም፣ የጋራ ደንብ

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው" እንደሚባለው፣ የዘዴው ጥንካሬ በጋራ መሥራት ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ገበሬ ከረጢቱን ሳያለብስ ወይም ቀኑ ሳይደርስ አውልቆ በአካባቢው ስም ቢሸጥ ጉዳቱ የሁሉም ይሆናል። ስለዚህ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ምርቱ የአካባቢ መጠሪያ ጥበቃ አግኝቶ በቁጥጥር ምክር ቤት ይመራል። ጥበቃው ኖቬልዳንና አስፔን ጨምሮ ሰባት የአካባቢ አስተዳደሮችን ያቀፈ ሲሆን፣ በደንቡ መሠረት ዘለላው ቢያንስ 60 ቀን በከረጢት ውስጥ መቆየት አለበት።

በሀገራችንም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሲዳማ፣ የይርጋጨፌና የሐረር ቡና ስሞች በውጭ ሀገራት በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ መንግሥት መሥራቱ ይታወሳል። የሁለቱም ሐሳብ ተመሳሳይ ነው፤ ስም የገበሬው የጋራ ሀብት በመሆኑ በጥራት ካልተጠበቀ ዋጋ ያጣል።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነጥቦች

ዘዴው ያለ ወጪ የሚገኝ አይደለም። እያንዳንዱ ዘለላ በሰው እጅ የሚለብስ ስለሆነ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። በሽታ የያዘው ዘለላ ከተሸፈነ ጉዳቱ ከዓይን ስለሚሰወር አስቀድሞ መመርመርና መከላከል ያስፈልጋል። የጉልበት ዋጋ መናርና የሸማቹ ፍላጎት ዘር ወደሌለው ወይን ማዘንበልም ለሸለቆው ገበሬዎች ፈተና ሆኖባቸዋል።

በመሆኑም ፍራፍሬ የሚያለሙ አባላት ዘዴውን መሞከር ቢፈልጉ በጥቂት ተክሎች ላይ ቢጀምሩ፣ የከረጢቱንና የጉልበቱን ወጪ ከተጨማሪው ዋጋ ጋር ቢያነጻጽሩ ይመረጣል። ከረጢቱን በጋራ መግዛት፣ የጥራት ደረጃውን በጋራ መወሰንና ገዥውን በጋራ መፈለግ ግን አንድ ገበሬ ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም። ዩኒየኑ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር አባላት ሊወያዩበት ከሚገባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው።