«ለዘለዓለም» የተባለው ምድር፤ የካካሜጋ ወርቅ ታሪክ

በምሥራቅ አፍሪካ እሳተ ገሞራ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ስምጥ ሸለቆውን፣ ኪሊማንጃሮንና የኤልገንን ተራራ ነው። በምዕራብ ኬንያ፣ በካካሜጋ ከተማ ዙሪያ ያለው ዓለት ግን ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም። ከ2.7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት ሲሆን፣ በኋላ ተጨፍልቆና ተጣጥፎ፣ ግራናይት ከሥሩ ገብቶበት፣ በስንጥቆቹ ውስጥ የተዘዋወረው ፍል ውኃ ነጭ ኳርትዝና በኳርትዙ ውስጥ ጥቂት ወርቅ ትቶ አልፏል። የወርቁ ጅማቶች ቀጫጭኖች ናቸው። አንዱ ጥቂት ርቀት ሄዶ ይጠፋል፤ ሌላው ከጎኑ ብቅ ይላል። በዚህ ላይ ለዘመናት የዘነበው ዝናብ ዓለቱን አበስብሶ በወፍራም ቀይ አፈር ሸፍኖታል። ቀጥሎ የምንተርከው ጠብ ከዚህ ከአፈሩ መወፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል እንሻለን።

በ1931 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኤል. ኤ. ጆንሰን የተባለ ሰፋሪ በካካሜጋ አካባቢ ወርቅ አገኘ። ጊዜው ለወሬው የተመቸ ነበር። የቡናና የበቆሎ ዋጋ ወድቆ፣ አንበጣ ማሳውን በልቶ፣ ነጮቹ ሰፋሪዎች በዕዳ ተይዘው ነበር፤ እንግሊዝ በዚያው ዓመት መስከረም ገንዘቧን ከወርቅ ስታላቅቅ ደግሞ የወርቅ ዋጋ በፓውንድ ሲታሰብ ከፍ አለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሺህ ገደማ አውሮፓውያን በድንኳንና በሣር ጎጆ ሰፈሩ። በጎልድ ኮስት ማዕድን በመፈለግ ስሙን ያስጠራው የሥነ ምድር ሊቅ ሰር አልበርት ኪትሰን በ1932 መጥቶ አካባቢውን መረመረ፤ ዘገባውም ተስፋውን አጠናከረው።

የወንዝ ዳር አሸዋ አጥቦ ወርቅ መልቀም ማሳን እምብዛም አይነካም። በአፈር የተሸፈነ ጅማት ለማግኘት ግን መሬቱን በረጃጅም ቦይ መተልተል ግድ ነው። ያ መሬት ደግሞ ጠፍ አልነበረም፤ የሉህያ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርበት የእርሻ ምድር ነበር። ከሁሉም በላይ፣ በ1930 የወጣው አዋጅ ይህን ክልል ለአገሬው ሕዝብ «ለዘለዓለም» ሰጥቶ ነበር። በትርጉም ሥራ ላይ የቆየ ሰው ይህን ቃል በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ሲያገኝ ብዕሩን ጥቂት ያቆማል፤ ሕግ አርቃቂዎች ዘወትር የሚሸሹት ቃል ነውና። አዋጁ ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ መሬት ቢወሰድ እኩያው መሬት ይተካ፣ የአካባቢው ምክር ቤትም አስቀድሞ ይጠየቅ ይል ነበር።

ቃሉ ሦስት ዓመት አልሞላውም። በታኅሣሥ 1932 የናይሮቢው ሕግ አውጪ ምክር ቤት አዋጁን በጥድፊያ አሻሻለ፤ ለማዕድን በሚወሰደው መሬት ፈንታ ገንዘብ ይበቃል፣ ምክር ቤቱንም አስቀድሞ መጠየቅ አያስፈልግም ተባለ። እጅግ የሚያስገርመው፣ የኬንያን የመሬት ጉዳይ የሚያጣራ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ተሰይሞ ሥራ ላይ መሆኑ ነው። በእኛ ቋንቋ «ካሳ» የተበደለን መካስ ነው፤ ማሳው የልጆቹ መኖሪያ ለሆነ ገበሬ ግን ጥቂት ሺልንግ ምኑን ይክሰዋል? ለንደንም ዝም አላለችም፤ በ1933 መጀመሪያ ጉዳዩ በሎርዶች ምክር ቤት ሲነሣ፣ በናይጄሪያ ገዥ የነበረው ሎርድ ሉጋርድ ሳይቀር ነቀፈው። ማሻሻያው ግን ጸና። በሉህያ ምድር በ1930ዎቹ የተቋቋመው የሰሜን ካቪሮንዶ ማእከላዊ ማኅበር ከዚህ የመሬት ሥጋት ጋር አብሮ ያደገ ነው።

ወርቁስ? በግል የመጡት ፈላጊዎች የላዩን ለቅመው ተበተኑ። ጥልቅ ጉድጓድ ለመቆፈር ካፒታል ያላቸው ጥቂት ኩባንያዎች ቀሩ፤ ዋነኛው የሮስተርማን ማዕድን እስከ 1952 ሠርቶ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የቆየው በእጁ ድንጋይ እየፈጨ በሜርኩሪ ወርቅ የሚለይ የአገሬው ሰው ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

በ2017 አካሲያ የተባለው ኩባንያ በሊራንዳ አካባቢ በጥልቀት ቦርቡሮ 1.3 ሚሊዮን አውንስ ገደማ ወርቅ መኖሩን ገመተ፤ በ2020 ይዞታው ወደ ሻንታ ጎልድ ተላለፈ። እነዚያ ጅማቶች የሚያልፉት በኢሱሉና በቡሺያንጋላ መኖሪያ ቤቶችና ማሳዎች ሥር ነው፤ ቤተሰቦችን የማዛወርና የካሳ ነገርም በዚያው ቀበሌ እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል።