ውሃን ከጥሩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። እሺ፣ ጥሩውን ቀድተን ጠጣን፣ ታጠብንበት እንበል። የተጠቀምንበትንስ ወዴት እናድርገው? ለዚህኛው ጥያቄ አበው ተረት አልተዉልንም። እኛም ብንሆን እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘንለትም።

እንጦጦ ተራራ ብቻ አይደለም፤ የውሃ ድንበርም ነው። ከጀርባው የዘነበው ወደ አባይ ይሄዳል። ከፊቱ የዘነበው ወደኛ ይወርዳል፤ ቀበናና ግንፍሌ ሆኖ የካንና አካባቢውን ሰንጥቆ ከትልቁ አቃቂ ይቀላቀላል፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያም አዋሽን ይሆናል። ላይ፣ ተራራው ላይ፣ ሰው ለጠበል ይወጣል። የዚያው ተራራ ውሃ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርዶ ቀበና ድልድይ ሲደርስ ግን ለስንት ዓመት አፍንጫችንን አስይዞናል። በዚህች አጭር መንገድ ምን አገኘው?

በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ ምኒልክና ጣይቱም ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ሜዳ ሲወርዱ፣ ወንዞቹ መጠጥም፣ ልብስ ማጠቢያም፣ ከብት ማጠጫም ነበሩ። የተፈጥሮ ጉዳይ ሲመጣ ሰው «ደጅ ይወጣል»። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፤ ነገሩ የቤት ጉዳይ ሳይሆን የደጅ ጉዳይ ነበር። የቀረውን ሌሊት ጅብ ያጸዳዋል። ሰው ጥቂት፣ ሜዳው ሰፊ በነበረበት ጊዜ ይኼ አላስቸገረም።

በ1880ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አስገባ። ጉድ ተባለ፣ ግጥምም ተገጠመ። በ1930ዎቹ ገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ ለገዳዲ ተገደበ። ለሚገባው ውሃ እንዲህ ተዘፈነ፤ ለሚወጣው ግን ማንም አልዘፈነለትም። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ የተሠራው በ1970ዎቹ ነው። ከመጀመሪያው ቧንቧ እስከዚያ ወደ ዘጠና ዓመት አለፈ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከተማዋ ውሃ ስትቀበል እንጂ ስትሸኝ አልታየችም። ሸኚው ወንዙ ነበር።

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። አምስተርዳም ውስጥ ወደ 2,500 የሚጠጉ ጀልባ ቤቶች አሉ፤ ሰው ይተኛባቸዋል፣ ልጅ ያሳድግባቸዋል። ለረጅም ዘመን ፍሳሻቸውን በቀጥታ ወደ ቦዩ ሲለቁ ኖረዋል። ያች ሀብታም ከተማ ጀልባዎቹን ከፍሳሽ መስመር ጋር አገናኝታ የጨረሰችው ገና በቅርብ ዓመታት ነው። መስመር የማይደርሰው ጀልባ በሌላም አገር ቢሆን ቋት ይይዛል፤ ሲሞላ ወደብ ላይ በፓምፕ ያስመጥጣል።

ታዲያ የየካ ቁልቁለት ላይ ያለው ቤታችን ከዚያ ጀልባ በምን ይለያል? ቋቱ ጉድጓዳችን ነው፣ ፓምፑ ሽንት ቤት የሚመጥጠው መኪና ነው። ችግሩ ሲሞላ ነው። መኪናው ወረፋ አለው፣ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ጠባቡ ኮረኮንች መንደር ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ስለዚህ ክረምት ይጠበቃል። ዶፉ ሲወርድ፣ ወንዙ ሲያገሣ፣ በጨለማ ክዳኑ ይከፈታል። ጠዋት «ጎርፍ ወሰደው» ይባላል፣ አለቀ። መኪና የማይገባበትን ድሃ ከመውቀስ በፊት ማሰብ ይገባል። ከፍሎ ማስመጠጥ እየቻለ ቱቦውን በስውር ከጎርፍ መውረጃው የሚቀጥለው ባለ ፎቅ ግን ምን ምክንያት አለው?

ወሰደው። ወዴት? አቃቂ ዳርቻ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ሾላ ገበያ ላይ ያገላበጥነው ጎመን ከዚያ አለመምጣቱን በምን እናውቃለን? አዳማ የምትጠጣውን ውሃ አጣርታ የምትቀዳው ከአዋሽ ነው። የአፋር ከብት የሚጠጣውም አዋሽን ነው። የሌላው አገር ወንዝ ባሕር ይገባል፤ አዋሽ ባሕር አይደርስም። በረሃ አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ቀበና ላይ የጣልነው ለባዕድ አይሄድም፤ እዚሁ ለገዛ ወገናችን ነው።

አልተሠራም አይባልም። ቃሊቲ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኗል። በ2011 የወንዞች ዳርቻ ልማት ተጀመረ፤ በ2013 የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። በ2017 ወንዝ የሚበክለውን የሚቀጣ ደንብ ወጣ። ደስ ይላል። ይሁንና ዳርቻን ማሳመር ቀላሉ ነው፤ ለዓይን ይታያል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ከባዱ ከመሬት በታች ያለው፣ ከየጓሮው ወደ ማጣሪያው የሚወስደው ቱቦ ነው። ሣር የተተከለለት ወንዝም ውስጡ ያው ከሆነ ይሸታል።

ቤት ልንከራይ ስንሄድ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ውሃ አለው?» ነው። «ፍሳሹስ የት ነው የሚሄደው?» ብሎ አከራዩን የሚያፋጥጥ ተከራይ እስኪመጣ ድረስ ተረታችን ግማሽ እንደሆነ ይቀራል። ከጥሩ ቀድቶ ለታች ሰው ጥሩ አለማስቀረት ነውር ነው። አበው ይኼንን ያልተረቱት ሳይጠፋቸው፣ ማንም ያውቀዋል ብለው ይሆናል።